የሚስ ኮራ መርዶ

ሰኞ፣ ጥር 18

የአስታማሚነት ሥራ የሰጠኝ ኤጀንሲ ባደለኝ ደብተር ላይ የምሞላው የደም ግፊት፣ የመድኃኒት ሰዓትና የሽንት ነገር ነው። ይኼኛው የራሴ ነው። እዚያ የማይገባውን እዚህ አራግፈዋለሁ።

ሚስ ኮራ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ። የሳንባ ምች ይዟቸው አሥራ ሁለት ቀን ተኝተዋል። ዶክተሩ የመውጫ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ እንዳይሰሙ» አለኝ። ዘጠና አራት ዓመት የኖረን ሰው ምን ያስደነግጠዋል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እኔ ግን አምስት ዓመት ሙሉ በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማጥባቸው። የቀን ሺፍቱ የኔ ነው፣ የማታው የሄራን። ሄራን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነርሲንግ ትማራለች፤ የእናቷን እኩያ «ሮሚ» ብላ ትጠራኛለች። ሮማን የሚለው ስም ምን ረዝሞ ነው የሚያጥረው?

ደክሞኛል። ሆሊውድ ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ ብቻ አርባ ደቂቃ ዞርኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ሾርባቸውን ግማሽ ጠጥተው ገፉት። ሁልጊዜም ግማሽ ነው። «ካሜራው ያያል» ይላሉ። ካሜራ ካያቸው ስልሳ ዓመት አልፎታል።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው ስቱዲዮው ያስፈረማቸው። ስማቸውን ቀየሩት። ግንባር እንዲኖራቸው የፊት ፀጉራቸውን ነቀሉት። ምሳቸውን የዶሮ መረቅ ብቻ አደረጉት። ማታ የሚያስተኛ ፒል፣ ጠዋት የሚያነቃ ፒል። ሠላሳ አራት ሲሞላቸው «አረጀሽ» ብለው አሰናበቷቸው። ሦስት ባል አግብተው ፈትተዋል፤ ልጅ የለም። ይኼን ሁሉ ሲነግሩኝ የጎረቤት ወሬ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶዋ የተሰቀለው ወጣቷ ሚስ ኮራ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አታነሳም፤ አቧራዋን በጠረግኩ ቁጥር ታየኛለች።

ዛሬ መድኃኒቱን በተፈጨ ፖም ውስጥ ደብቄ «ፖም ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ሮማን፣ አንቺ መዋሸት አትችይም» አሉኝ። «ስትዋሺ ዓይንሽ ወደ በሩ ይሄዳል። እኔ እኮ በዚህ ሥራ ነው የኖርኩት።»

ከሰዓት ኔል ደወለች። እህታቸው ናት፣ የሦስት ዓመት ታናሻቸው። ፓሳዴና ነው የምትኖረው፤ ከዚህ ይኼን ያህል አይርቅም። ግን ከሰባ ዓመት በላይ ተኳርፈዋል። በምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅሁም። ለገና ኔል ካርድ ላከች፤ «እኔም አርጅቻለሁ፣ ነይ» ብቻ ይላል። ከዚያ ወዲህ ይደዋወላሉ። ሚስ ኮራ የስልክ ድምፅ ስለማይሰማቸው ስፒከር ላይ አድርጌ የኔልን ቃል እየደገምኩ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ «ስትመጪ ሰማያዊ ልበሺ፣ እማዬ ሰማያዊ ስትለብሺ ደስ ይላት ነበር» አለች። ደገምኩላቸው። «ሳንባዬ ሲደርቅ ቅዳሜ ቀን ትወስጂኛለሽ» አሉኝ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የቀረውን ሾርባ ሁለት ማንኪያ ጨመሩ። የኤጀንሲው ደብተር ላይም ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ቸኩዬ ነው የምጽፈው። መታጠቢያ ቤት ነኝ። የኔል ልጅ ደወለች፣ ጁዲት። እናቷ ትናንት ሌሊት አረፈች። በእንቅልፏ። ቀብር ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ፓሳዴና። «እባክሽ ለአክስቴ ንገሪልኝ» አለች። እሺ አልኩ።

ሚስ ኮራ ከሳሎን «ኔል ናት?» አሉ።

«ከፋርማሲ ነው» አልኩ። ዓይኔ የት እንደሄደ አላውቅም።

ያው ረቡዕ፣ ማታ

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ፌርፋክስ፣ የኛ ሰው ሰፈር፣ እትዬ ቀለመወርቅ ሱቅ ሄድኩ። ቅመም ይሸጣሉ። የኛ ሰው ሲሞት ግን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሰው ይሰበስባሉ፣ ሰዓት ይቆርጣሉ፣ ከፊት ይገባሉ።

ነገሩን ስነግራቸው መመዘኛውን አስቀመጡት። «የታመመ ሰው መርዶ ይረዳል እንዴ? ሳንባቸው ገና አልደረቀም አላልሽም? አንቺ ብቻሽን ቆመሽ ልትነግሪ? ወግ አይደለም። ይዳኑ። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸዋል።»

ጋሼ ግርማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን የሱቁ ጥግ ሆነዋል። «ሴትዮዋ ፈረንጅ ናቸው እኮ» አሉ።

«ፈረንጅ ሆድ የለውም?» አሏቸው እትዬ ቀለመወርቅ።

ትክክል ናቸው። ዶክተሩም ያለው ይኼንኑ ነው። እኔም የአባቴን ሞት የሰማሁት በአሥራ አራተኛው ወር ነው። ቤተሰቦቼ የመኖሪያ ወረቀቷ ይውጣላት፣ ኢንተርቪዋን ትጨርስ ብለው ነው የደበቁኝ። ለኔው አስበው ነው። አልተቀየምኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ሺፍት ስንለዋወጥ ለሄራን ነገርኳት፤ እንዳያመልጣት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣

«ዋት? ሮሚ፣ ቀብሩ ሰኞ ነው እኮ። ጀስት ንገሪያቸው።»

«ሲሻላቸው።»

«ሶ ማን ነው የሚወስነው? አንቺ ነሽ?»

«ዶክተሩ እንዳይደነግጡ ብሏል።»

«ዶክተሩ ይኼን አላለም» አለች። የዘንድሮ ልጅ። ወግ ማን ያስተምራቸው? ግን ዝም እንድትል አስማልኳት፣ እሷም ማለች።

እሑድ፣ የካቲት 1

ሳሉ ቀንሷል። «ኔል ደወለች?» አሉኝ ሦስት ጊዜ። አልደወለችም አልኩ። ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም።

ቅዳሴ አልሄድኩም። ብሄድም ምን ብዬ እጸልያለሁ?

ሰኞ፣ የካቲት 2

ዝናብ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጁዲት ደወለች። «አክስቴ ትመጣለች?» አለች።

«ታመዋል፣ አይችሉም» አልኳት።

«ገባኝ» አለች። «እናቴ ነግራኝ ነበር። ያኔም አልመጣችም።»

ያኔ መቼ ነው? አልጠየቅኋትም። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም እንደሚዘረገፍ ስለማውቅ ስልኩን ዘጋሁት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሚስ ኮራ ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሺልኝ አሉ። ለቅዳሜ፣ ለኔል። ተኮስኩ። ባለ ብዙ ሽንሽን ነው፣ ጊዜ ይፈጃል። ሰዓቱ አምስት ሲል እጅጌው ላይ ነበርኩ። ሚስ ኮራ ዊልቼራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። «በሩ ጋ ማን አለ?» አሉ። ማንም የለም አልኩ። ሰው ሲቀበር ቀሚስ ስተኩስ የመጀመሪያዬ ነው። የት እንደምደርስ እንጃ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ልተኛ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ራሳቸው ጀመሩት። ከኔል ጋር ለምን እንደተጣሉ ጠይቀሽኝ አታውቂም አሉኝ። አልጠየቅሁም አልኩ። «ጎበዝ፣ እኔ ልንገርሽ» አሉ።

ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። የሳቅ ፊልም ይሠሩ ነበር። እናታቸው በሩቅ አገር፣ እርሻው ላይ ሞቱ። ኔል ቴሌግራም ላከች። ቴሌግራሙ ስቱዲዮው ደረሰ፤ ፕሮዲውሰሩ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ካለቀሰች ዓይኗ ያብጣል፣ ዓይኗ ካበጠ ቀረጻው ይቆማል ነው ነገሩ።

«ዘጠኝ ቀን ሳቅሁ» አሉኝ። «በዘጠነኛው ቀን ፊልሙ አለቀ፣ ኬክ ቆረስን። ከኬኩ በኋላ ቢሮው ጠራኝና ሰጠኝ። እማዬ ከተቀበረች ስድስት ቀኗ ነበር። ለአንቺው ብለን ነው አለኝ።»

ኔል አላመነችም። እህቴ ከእናቷ ቀብር ፊልሙን መረጠች አለች። ለሰባ ዓመት እንደዚያ ስትል ኖረች። «ባለፈው ገና ነው አምኛለሁ ያለችኝ» አሉ ሚስ ኮራ። «ፊልሙን በኋላ ሲኒማ ገብቼ አየሁት። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን የትኛውን ሳቅ ስስቅ እናቴ እንደሞተች አውቃለሁ።»

እጄ ላይ ብርጭቆ ነበር፤ አስቀመጥኩት። ያኔ አለመናገሬ አሁንም ይገርመኛል። አፌን ከፈትኩ እኮ። ከዚያ ሳሉ መጣባቸው፣ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኩ፣ ነገሩ አለፈ።

ለአንቺው ብለን ነው። ይኼን ቃል በእንግሊዝኛ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ በአማርኛ ግን ወንድሜ በስልክ ብሎኛል። ለነገሩ እሱም ያለኝ የአባቴን ሞት ከሰማሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ፌርፋክስ ላይ፣ እዚያው እትዬ ቀለመወርቅ ሱቅ ነው። የሽሮ ከረጢት ይዤ ተራ ስጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴት ዞር ብላ «የአባትሽን ሙት ዓመት የት አወጣሽ?» አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው። ሁሉም ሌላው ነግሯታል ብሎ ነበር። ከፍዬ ወጣሁ። ከኔ ጋር የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ሺፍት ነበረኝ፤ ሄድኩ፣ ሠራሁ። አላለቀስኩም።

ከላይ አልተቀየምኩም ብዬ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ዛሬ ስለ ኔል አንድ ጊዜም አልጠየቁም። ተመስገን። በዚህ ዕድሜ መርሳትም ጸጋ ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ እሱንም አላነሱም። ሰማያዊውን ቀሚስ ቁምሳጥን መልሺው አሉኝ። ጥቁሩን አውጪና አየር ይምታው፣ ብል ይበላዋል አሉ። አወጣሁት። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲጠነቀቁ የኖሩ ሴት ናቸው።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። ባዶ ሆዴን ሰው ማንሳትና መጣል እየከበደኝ ነው። እኔም ወደ ስልሳ እየተጠጋሁ ነው፣ ማን ያስታውሰኛል?

ፀጉራቸውን ሳበጥር «በናንተ አገር ሰው ሲሞት ለቤተ ዘመዱ እንዴት ነው የሚነገረው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ወዳጅ ይሰበሰባል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሰውየው በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ግማሹን ያውቀዋል። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲያለቅስ አብሮት የሚያለቅስ አለ። ለዚያ ነው ሰው እስኪሰበሰብ የሚደበቀው።

«ስንት ሰው ይመጣል?»

«የተገኘውን ያህል። አምስት፣ ስድስት።»

«እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ሞቷል» አሉ። «እኔ ጋ ማን ይመጣል?»

«ሰው አይጠፋም» አልኳቸው ማበጠሪያውን እያጸዳሁ። መስታወቱ ውስጥ ያዩኝ ነበር። ይኼን ከየት አምጥተው እንደጠየቁኝ እንጃ፤ ቴሌቪዥን ላይ ያዩት ነገር ይሆናል።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

አፖይንትመንት። ሳንባው ንጹሕ ነው አለ ዶክተሩ። በጣም ደስ አለው። እኔ ደስ ማለቴን ፊቴ ላይ ፈለግኩት፣ የለም። እንግዲህ ምን ሰበብ ቀረኝ?

ሄራን ሺፍት ስትረከበኝ፣ «ማታ ማታ አይተኙም። ዎከራቸውን ተደግፈው ሳሎን ውስጥ ወንበር ይቆጥራሉ። ሮሚ፣ ኦኬ አይደሉም» አለች። አእምሯቸው እየደከመ ነው መሰለኝ። የባሰ ሳይመጣ ልንገራቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ፌርፋክስ። የመሳቢያውን ነገር ለእትዬ ቀለመወርቅ ነገርኳቸው። ጁዲት ያለችኝንም። 

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አሉ። ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅኩትን፣ «ያንቺንም የአባትሽን እኔ አውቅ ነበር። ሰው ይዤ አንቺ ቤት መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ወረቀቷ ይውጣ እያልን ከረመ፤ በኋላ ሰምታለች ሲሉኝ ተውኩት።»

 ያስመዘንኩት በርበሬ እዚያው ቀረ።

ጋሼ ግርማ ከበርጩማቸው ሆነው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰው ይዘን እንሂድ፤ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

እጄ ደክሟል ግን ዛሬውኑ ልጻፈው።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፌርፋክስ ተገናኘን። እትዬ ቀለመወርቅ፣ ጋሼ ግርማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እናቶች። እነዚህ ሁለቱ የሚስ ኮራን ስም እንኳ መጥራት አይችሉም፤ ሰው ሞቶባታል ሲባሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። እትዬ ቀለመወርቅ በፌስታል ንፍሮ ይዘዋል። መንገዱ ባዶ ነበር። ፓርኪንግም ወዲያው አገኘን፤ በአምስት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁልፍ አለኝ፤ ግን አንኳኳሁ። ሄራን ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጁ ነበር» አለችኝ። «እኔ ምንም አልነገርኳቸውም፣ እውነቴን ነው።»

ሳሎኑ ውስጥ ስድስት ወንበር በግማሽ ክብ ተደርድሯል። የምግብ ጠረጴዛው አራት ወንበር፣ የወጥ ቤቱ በርጩማ፣ የገላ መታጠቢያው ነጭ ፕላስቲክ ወንበር። ሚስ ኮራ መካከል ላይ በዊልቼራቸው ተቀምጠዋል። ጥቁሩን ለብሰዋል። ከንፈራቸውን ቀብተዋል፤ አንድ በኩል ወጣ ብሏል።

አንድ በአንድ አዩን። «ሰው አመጣሽልኝ?» አሉ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። «ኔል አርፋለች» አልኩ። «ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኗ ነው።»

«መቼ ተቀበረች?»

«ሰኞ፣ የካቲት ሁ…» በኛ አቆጣጠር እየነገርኳቸው ነበር። «ዝናብ የዘነበ ለታ።»

«ቀሚሱን የተኮስሽልኝ ቀን» አሉ። «ዓይንሽ ከበሩ አልተነቀለም ነበር። ያን ማታ ለራሴ፣ ሞታለች አልኩ። ካንቺ አፍ እስክሰማ ግን ላላውቀው ወሰንኩ።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አንቺም መሳቢያ አለሽ፣ ሮማን» አሉኝ።

ይቅርታ ሳልል ቀረሁ። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። እትዬ ቀለመወርቅ እንግሊዝኛውን ተከትለውት ይሁን ፊቴን አይተው አላውቅም፤ ሄደው ሚስ ኮራ እግር ሥር ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያዙና አለቀሱ። ለማያውቋት ኔል። ሁለቱ እናቶች ተከተሉ። ጋሼ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሚስ ኮራ በመጀመሪያ አዩዋቸው፣ እንዴት እንደሚደረግ እንደሚማር ሰው። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ። አምስት ዓመት ስኖር ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። የሚያምር አልነበረም፤ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ ከንፈራቸው ላይ ያለው ቀለም አገጫቸው ደረሰ፣ አልጠረጉትም።

ሁሉም ተቀመጡ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ውሃ ይፈልጉ ይሆናል፣ መሐረብ ይፈልጉ ይሆናል እያልኩ። ነጩ ፕላስቲክ ወንበር ከሚስ ኮራ ጎን ባዶውን ነበር።

«እሱ ያንቺ ነው» አሉኝ።

«እኔ ደህና ነኝ» አልኩ።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ የሆነውን እንዴት ልጽፈው? ለኔል ላለቅስ ነበር የተቀመጥኩት። ከአፌ የወጣው ግን «አባዬ» ነው። እትዬ ቀለመወርቅ ቃሉን ሰምተው ቀና አሉ፤ እሳቸውም አባቴን በስሙ እየጠሩ ጀመሩ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ እኮ ነው።

ሚስ ኮራ እጄን ያዙ። «ለማን ነው የምታለቅሺው?»

«ለአባቴ።»

«መቼ ነገሩሽ?»

«ማንም አልነገረኝም» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁም። እጄን ግን አልለቀቁም፤ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ሲነጋጋ እትዬ ቀለመወርቅ ንፍሮውን በሳህን አዞሩ። ሚስ ኮራ እህሉን አንድ አንድ ፍሬ እያነሱ በሉ። ቀስ ብለው፣ ለረጅም ጊዜ። ሳህኑን ባዶ አድርገው መለሱልኝ።

እሑድ፣ የካቲት 15

ለጁዲት ደወልኩ። «አክስትሽ አላወቁም ነበር» አልኳት። «አልነገርኳቸውም። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አልቀሩም።» ስለ ቴሌግራሙም ነገርኳት፤ ታውቃለች ብዬ ነበር፣ ግማሹን አታውቅም። ተቆጣችኝ። ልክ ናት፣ አዳመጥኩ። ኤጀንሲው ጋ ደውዬ ላመለክትብሽ እችላለሁ አለች፤ አዎ አልኳት። በመጨረሻ «ማክሰኞ መቃብሩ ጋ እጠብቃችኋለሁ» አለች።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ነገ ፓሳዴና። ጋሼ ግርማ ይነዳሉ። የምንይዘውን አሰናዳሁ፤ ብርድ ልብስ፣ ውሃ።

ጥቁሩን ቀሚስ ሳዘጋጅ ሚስ ኮራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኔል ያለችኝን ረሳሽው?» አሉ።

አልረሳሁም። ሰማያዊውን ከቁምሳጥን አወጣሁ። ሽንሽኑ ተጨማዶ ስለነበር እንደ ገና ተኮስኩት።